ጳጉሜን የሌለችበት ቋት

ሀብተሚካኤል የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጥቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ስክሪኑ ላይ «ተጠናቀቀ» የሚል ቃል ብቅ አለ። ፋይሎቹን የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱ፣ ሥራውን ቢፈጽምም ባይፈጽምም በመጨረሻ «ተጠናቀቀ» እንዲል አድርጎ የጻፈው ራሱ ነበር፤ አሁን ግን በገዛ እጁ ያስቀመጠውን ምስጋና እንደ ባዕድ ምስክርነት በፈገግታ ተቀበለ።

«ከገሰራ ወረዳ የመጡት ፋይሎች ሁሉ ገቡ?» አለች ፊት ለፊቱ የምትሠራው ለሊሴ።

«አታነቢም? ተጠናቀቀ ይላል።»

«እሱማ ባዶ ፋይል ብትሰጠውም ይላል።»

ሁለቱ የሚሠሩበት፣ ሮቤ ያለው የገበሬዎች ማኅበር በዘንድሮው በልግ ማዳበሪያ የሚያድለው ስሙ በአዲሱ የመረጃ ቋት ለተገኘ ገበሬ ብቻ ነው። የየወረዳውን የምዝገባ ፋይል እያነበበ፣ የስም መስመሩን ሺህ ሺህ አድርጎ በአንድ ጥቅል እየጠቀለለ ወደ ቋቱ የሚያስገባውን ስክሪፕት የሠራው ሀብተሚካኤል ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ከማለዲን በማግሥቱ በቋቱ ምርቃት ላይ «አንድ ገበሬ አልቀረም» ብለው እንዲናገሩ ያረጋገጠላቸውም እርሱ ነው።

አንዲት ሴት በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። ወይዘሮ ዙቤዳ የገሰራ ገበሬ ናቸው፤ ማሳቸው ታርሷል፣ ዝናቡም ጀምሯል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ልጄ? መጋዘኑ ጋ ስምሽ የለም አሉኝ።»

«ተመዝግበው ነበር?»

«ወላሂ በጳጉሜን፣ በዚያ ዶፍ ተሰልፈን! ደራራም ጉሉማም፣ መንደሩ ሁሉ። እናንተ እኮ ናችሁ የጻፋችሁን፤ ወይስ ጭቃው በላን?»

ሀብተሚካኤል እስከዚያች ሰዓት ዞር ብሎ ያላየውን የስህተት ፋይል ከፈተ። ቋቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የተበጀ ነውና ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። በገሰራው ጥቅል ውስጥ ጥቂት ሰዎች በጳጉሜን ተመዝግበው ስላገኘ፣ በሌላ ወር የተመዘገቡትን ጨምሮ ጥቅሉን በሙሉ ተፍቶታል። ስክሪፕቱም ስህተት ሲገጥመው ዝም ብሎ እንዲያልፍ ታዝዟልና አልፏል።

በሊቀ መላእክት ስም የተጠራ፣ ልጅነቱን በየዓመቱ በሩፋኤል ዝናብ ሲቦርቅ ያሳለፈ ሰው ጳጉሜንን ረሳ። መርሳት የሥጋ ለባሽ ሁሉ ባሕርይ ነው፤ ይቅር ይባላል። እርሱን ያስጨነቀው ግን መርሳቱ አልነበረም፤ መታየቱ ነበር።

«ቀኖቹን ወደ ፈረንጆቹ ቀይረህ እንደገና ጫነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» አለች ለሊሴ።

«ለአቶ ከማለዲንስ ምን ልበል?»

«አልገባም ነበር በላቸዋ።»

«አንቺ ምን አለብሽ!»

የወይዘሮ ዙቤዳን ስም ብቻ በእጁ ጽፎ አስገባ፤ ቸርነት እንዳደረገ ሰውም ደረቱን ነፋ።

«አዴ ዙቤዳ፣ ገብተዋል። ሄደው ይውሰዱ።»

«ደራራስ?»

«እሱ ሲመጣ ይታያል።»

«ጉሉማስ?»

«እናቴ፣ የራስዎ ተገኝቷል አይደል? ለሰው ምን አስጨነቀዎት?»

«በሬ የማጣምደው ከሰው ጋር ነው፤ ከአንተ ኮምፒውተር ጋር መሰለህ?» አሉና እዚያው መስኮቱ ሥር ቆመው ስልካቸውን አወጡ። «ደራራ! ኢሱዙውን አስነሣ! በጳጉሜን የተመዘገበ ሁሉ ይምጣ። እዚህ ያለው ልጅ ሰው የሚያስገባው አንድ በአንድ በጣቱ ነው!»

ለሊሴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

ሀብተሚካኤል ስክሪፕቱን ከፈተ። ወሩን የሚያነበው መስመር ላይ ደረሰ። ምን መጻፍ እንዳለበት ያውቃል፤ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። አየው፤ አየውና ዘጋው። ከዚያ ለጥበቃው ደወለ።

«ኡመር፣ ከገሰራ ኢሱዙ ከመጣ በሩን እንዳትከፍት። ባለሙያው ለሥራ ጎባ ሄዷል በላቸው።»

«በመስኮት እያየሁህ እኮ ነው፣ ጌታው!»

ሀብተሚካኤል ኮምፒውተሩን አጠፋ። ስሙ በሐሰት እንዲነሣ እንደማይወድ ጻድቅ ሰው ነገሩን እውነት ሊያደርገው ቈረጠ፤ ጃኬቱን አንሥቶ ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ሊይዝ ወጣ።