የአስር አለቃ ፀሐዩ ፎቶ

«አጥናፉ፣ ያንን ነጠላ አንሣልኝ አልኩህ!»

የሺሐረግ ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ እንዲህ እንዳለችው እሷም አታውቅም። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር አጥናፉ የሟች ወንድሙን፣ የባሏን፣ ፎቶ በነጠላው ይሸፍናል፤ እሷ ትገልጣለች፤ ዞር ስትል መልሶ ይሸፍናል። አስር አለቃ ፀሐዩ ፎቶው ላይ የለበሰው የፈረሰውን ጦር የደንብ ልብስ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ አጥናፉ ደግሞ የቀበሌ ሠራተኛ።

«ከእንጀራዬ ልታፈናቅይኝ ነው እንዴ፣ የሺዬ?» አላት በሹክሹክታ።

«ሌላ ፎቶ የለውማ! ፊቱን ሳላይ ላልቅሰው?»

ያን ግንቦት ጓደኞቹ መለዮአቸውን እየጣሉ ሲሸሹ፣ ፀሐዩ ቃሊቲ ካለው የመሣሪያ መጋዘን በር ንቅንቅ አላለም። የሺሐረግ ሄዳ እንዲሸሽ ለመነችው።

«ይሄ ሁሉ ጠመንጃ ሰፈር ውስጥ ቢበተን ማን ይተርፋል? የመጣው መጥቶ ይረከበኝ» አላት።

ታጋዮቹ መጡ፤ አስረከበ። ምስጋናው የተሃድሶ ካምፕ ሆነ። ሲመለስ የሳሙና መጋዘን ዘበኛ አደረጉት፣ ያውም በዱላ። ማታ ከሥራ ሲገባ የግቢውን በር ዘግቶ መቀርቀሪያውን ሁለቴ ይነቀንቃል። «ደግሞ ሌባ እኛ ቤት ምን ሊያገኝ!» ትለዋለች፤ ይስቃል።

አመሻሹ ላይ ደበላ ገባ፤ የድሮ ታጋይ፣ የዛሬ የቀበሌው ጸጥታ ኃላፊ። አጥናፉ ተስፈንጥሮ ፎቶውን ሸፈነ። ደበላ ቀጥ ብሎ ሄደና ነጠላውን አነሣው።

«ለምን ሸፈናችሁት?»

ነጠላውን አጥፎ ፍራሹ ጫፍ ላይ አኖረው።

«ያን ጊዜ የመጋዘኑን ቁልፍ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ‹ቆልፈህ ነቅንቅ፤ ደግመህ ነቅንቅ፤ አለዚያ አልሰጥህም› አለኝ። ጠመንጃ የያዝኩት እኔ፣ የሚያዘኝ እሱ!»

የሺሐረግ ደሟ ፈላ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ? አዲስ ጦር ስታቋቁሙ እሱን ለዱላ ዳረጋችሁት! አገር ይጠብቅ አልነበር?»

«ተናግሬ ነበር፣ እትዬ የሺሐረግ። የደርግ ወታደር አይመለስም አሉኝ።» አንገቱን ደፋ። «ደግሜ ግን አልተናገርኩም።»

ወንበር ሲያቀርቡለት እምቢ ብሎ ከቤተ ዘመዱ ጋር መሬት ተቀመጠ። ሲመሽ ተነሥቶ ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ መቀርቀሪያው ሁለቴ ተነቀነቀ።

የሺሐረግ ከፍራሹ ብድግ አለች።

«መጣህ?»

ቆማ ቀረች። አጥናፉ ነጠላውን አነሣ፤ ወደ ፎቶው ግን አልሄደም። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።