የጨማቂው ምስክር

ጠበቃዋ ሂንድ ጩኸቱ ንግግሯን እንዳይሻማባት የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋች። ቢሮዋ ጅቡቲ ከተማ፣ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ነው። ሙቀቱ ወዲያው ገብቶ ከጎናቸው ተቀመጠ።

"አጎትህ ነገ ፍርድ ቤት ባይቀርቡ ይሻል ነበር" አለችው።

ዓብዱሰመድ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። "ዋናው ምስክሬ እኮ ናቸው።"

"እኔም የምልህ ለዚሁ ነው።"

የሂንድ አባት የመናዊ፣ እናቷ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ አማርኛዋ ቀልድ አያጣም። ያን ዕለት ግን የቀልድ ፊት አልነበራትም።

ዓብዱሰመድ ሠላሳውን ያለፈ፣ ከሰው መሀል ይልቅ ከኮምፒውተር ፊት መዋል የሚቀናው፣ ሲጠሩት ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሁሉ ቆይቶ "አቤት" የሚል ሰው ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ያሳደጉት አጎቱ ሐጂ ሙሰዲቅ ናቸው። የሚሠራውም በእሳቸው የትራንዚት ቢሮ ነው፤ ወደብ የደረሰ ዕቃ ጉምሩክ ያስጨርሳሉ፣ ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ከባድ መኪና ያስረክባሉ። ዱሮ ኢንተርኔቱ እንደ ኤሊ ሲሄድ፣ የአንድ ኮንቴይነር ወረቀት በስካነር ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ሾፌሩ እስከዚያ በወደቡ ሜዳ፣ በመኪናው ጥላ ሥር እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

ዓብዱሰመድ ያንን ወረቀት እያየ ነው ያሰበው። ሁሉም ወረቀት ወንድማማች ነው። ያው መስመር፣ ያው ሳጥን፣ ያው ቃል፤ የሚለየው የባለዕቃው ስም፣ የዕቃው ዓይነትና ቁጥሩ ብቻ ነው። ታዲያ እዚያም ያለውን፣ እዚህም ያለውን ነገር በየቀኑ ባሕር እንደሚያሻግሩ ሁሉ መላክ ምን ይሉታል? አጽሙን በሁለቱም ጫፍ አስቀመጠና ልዩነቱን ብቻ የሚልክ ፕሮግራም ጻፈ። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ወረቀት፣ ሻይ ተቀድቶ ሳይበርድ አዲስ አበባ ደረሰ። ሾፌሮቹ ፕሮግራሙን "ጨማቂው" አሉት። ስሙ በዚያው ጸና።

ዓመታት አልፈው መንግሥት ፈጠራ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ሲከፍት አመለከተና ብሬቬ ተሰጠው፤ የፈጠራው ባለቤት መሆኑን የሚመሰክር ባለማኅተም ወረቀት ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ የውጭ ኩባንያ ለወደቡ ወኪሎች አዲስ ፕሮግራም መሸጥ ጀመረ። ዓብዱሰመድ ገዝቶ ውስጡን ሲያየው የገዛ ሐሳቡን አገኘው። አጽሙ እዚህ፣ አጽሙ እዚያ፣ በመሀል ልዩነቱ። ልጁን የሰው ልብስ አልብሰውት መንገድ ላይ ያገኘው ያህል ተሰማው።

ከሰሰ። ገንዘቡን ብዙም አላሰበውም። የሚፈልገው አንድ ዳኛ ቁጭ ብሎ፣ "ይህ የዓብዱሰመድ ነው" ብሎ እንዲጽፍለት ነበር። በዕድሜው የሠራው ነገር ያ ብቻ ነው፤ ሌላ እንደማይሠራም ያውቃል።

"የኩባንያው ጠበቃ አዲስ መከራከሪያ አስገብቷል" አለች ሂንድ። "ብሬቬ የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። ማመልከቻህ ከመግባቱ አስቀድሞ ሕዝብ ያወቀው ነገር በሕግ አዲስ አይባልም። መጀመሪያ ስትመጣ ጠይቄህ ነበር እኮ፤ ለማንም አልወጣም አልከኝ።"

"ሸጠሃል ወይ ነው ያልሽኝ። አልሸጥኩም፤ በነፃ ነው የሰጠሁት።"

ሂንድ ዓይኗን ጨፈነች። "ለማን?"

"ለጠየቀኝ ሁሉ።" ከዚያ ጨምሮ፣ ነገሩ የሚረዳው መስሎት፣ "መላው ትራንዚተር ያውቃል። ማንን ብትጠይቂ የዓብዱሰመድ ነው ይልሻል" አላት።

"ያንተ መሆኑንማ ይሉልኛል። ግን ያንኑ ሲሉ ብሬቬህን ይገድሉታል። ቀድመው ባወቁት መጠን አዲስነቱ ይጠፋል።"

"እና ሌባው ሌባ አይደለም?"

"መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘውን ያነሣ ሰው ነው የሚሆነው።"

ከታች፣ ከካፌው፣ አንዱ ድንገት ሳቀ። ዓብዱሰመድ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"የአጎቴን ስም ሰርዢው ታዲያ።"

"ያስገባነው እኛው ነን። ዛሬ ልሰርዝ ብል 'እንግዲያው የኔ ምስክር ይሁኑ' አለ የኩባንያው ጠበቃ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "'ይዋሹ' በላቸው ልልህ አልችልም፤ ጠበቃ ነኝ። ግን ሰው ይረሳል። በተለይ ሽማግሌ ሰው ዓመተ ምሕረት ይምታታበታል።"

ገባው።

*

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዓብዱሰመድ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የአጎቱ ሱቅ ሲደርስ፣ ሐጂ ሙሰዲቅ በሽርጣቸው ላይ አዲስ ኮት ደርበው መስተዋት ፊት ቆመዋል። የአዲስ አበባው መስመር ሾፌር ጀንበሬ ደግሞ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

"ሐጂ፣ እንዲህ አምረው ከቀረቡማ ዳኛው ፍርዱን ትቶ ሚስት ይድርልዎታል።"

"አንተ ጎማህን ጠብቅ። ነገ እዚያ መጥተህ እንዳታሳፍረኝ፤ እንደ ሰው ትቀመጣለህ።"

"እኔ ደግሞ ለምን አልመሰክርም? ጨማቂው ባይኖር ይሄኔ እዚያ ሜዳ ላይ ቋንጣ ሆኜ ነበር።"

"ያንተን ማን ያምናል? ሚስትህ እንኳ አታምንህም።" ሐጂ የወንድማቸውን ልጅ አዩና ፊታቸው በራ። "ና፣ ና ልጄ! ምን እንደምል ላሰማህ።"

ሐጂ ሙሰዲቅ በነጋዴው ዘንድ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጆንያ ቢጣሉ፣ የአንድ ሻንጣ ባለቤት ቢያወዛግብ፣ እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። እሳቸውም ደረሰኝ አያምኑም፤ ደረሰኝ ማንም ይጽፈዋል ይላሉ። የሚጠይቁት "ማን አየ?" ብለው ነው። ዕቃውን በእጁ ሳለ ያዩለት ሰዎች የበዙለት ወገን ይዞት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ፈርደው ያሳዘኑት ሰው የለም ይባላል።

"እንዲህ እላለሁ" አሉ ሐጂ፣ ኮታቸውን እየሳቡ። "ይህ ልጅ ጨማቂውን የሠራው ልጄን ሳብሪንን በዳርኩበት ዓመት ነው። በሠርጉ ሳምንት ፍየል አርጄ መላውን ትራንዚተር ጠራሁ። ኮምፒውተሩን ከመሀል አስቀምጬ፣ እዩ፣ የወንድሜ ልጅ ሥራ ነው፣ ዕውቀትም ዘካ አለው፣ የፈለገ ይውሰድ አልኩ። ከዚያ ያዩትን ሰዎች ስም እጠራለሁ። አቡዘር፣ ጸሐዬ፣ እነዚያ ሁለቱ የሱማሌ ወንድማማቾች፤ የቀረ ካለ አስታውሰኝ። ዳኛው እስኪበቃው!"

"አጎቴ" አለ ዓብዱሰመድ።

"አቤት ልጄ።"

"ዓመቱን... ባያስታውሱትስ?"

"እንዴት አላስታውስም? ልጄን የዳርኩበት!"

"ማለቴ ቆይቷል እኮ። ምናልባት ከዚያ በኋላ ይሆናል። ምናልባት..."

ሐጂ ሙሰዲቅ ቀረብ ብለው ትከሻውን ያዙት። "ፈራህ አይደል? አትፍራ። የሰው ዓይን የበዛበትን ነገር ማንም ወስዶ አይቀርም። አንተ ዝም በል፤ ነገ የምናገረው እኔ ነኝ።"

የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። "ያንን ግብዣ ይርሱልኝ" ማለት ብቻ ነው። ግን ያን ካለ፣ ለምን ሲሉት፣ በእኔ የኮሩት ኩራት ነው ያጠፋኝ ብሎ ሊነግራቸው ነው። አዲሱን ኮት አየ፤ ከአንገቱ ላይ የዋጋው ወረቀት አልተነሣም። ጠጋ ብሎ ቆረጠላቸውና "በጣም ያምርብዎታል" ብሎ ወጣ።

*

በማግሥቱ ፍርድ ቤት ሐጂ እውነቱን ሊናገሩ ማሉ። በሱማሌኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚው በፈረንሳይኛ ለዳኛው አቀበለ።

የኩባንያው ጠበቃ ሽበታም፣ ትሑት ሰው ነበር። የጠየቀው ጥቂት ነው። "ሐጂ፣ ይህን ሥራ እርስዎ መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?" አለ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ሐጂም ተናገሩ። ሠርጉን፣ ፍየሉን፣ ከመሀል የተቀመጠውን ኮምፒውተር፣ እንግዶቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ለማየት ሲጋፉ የሆነውን። ዳኛው ፈገግ አለ። ስሞቹን ሲጠሩ ጸሐፊው እየደገመ ጻፈ። ዓብዱሰመድ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። የተጠራው ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ከቤቱ አንዳንድ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ ይመስለው ነበር። አቡዘር ወጣ። ጸሐዬ ወጣ። ቤቱ ባዶ እየሆነ ሄደ።

"ከዚያ ግብዣ በኋላ የፈለገ ሁሉ ይወስደው ነበር?"

"የፈለገ ሁሉ!" አሉ ሐጂ፣ በኩራት። "ስስት አላስተማርኩትም።"

ሂንድ ተነሣች። "ሐጂ፣ ጊዜው ረዝሟል። በዓመቱ ሊሳሳቱ አይችሉም?"

ሐጂ የገዛ ጠበቃቸው እንዲህ ማለቷ ገርሟቸው አዩአት። "ልጄ፣ እኔ በምስክርነት ተሳስቼ አላውቅም" አሉ። የተናገሩት ተጻፈ፣ ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ዓብዱሰመድን አቀፉት። ልባቸው ሲመታ በኮቱ ውስጥ ተሰማው። "አላልኩህም? ዳኛው ሲስቅ አላየህም? አለቀ!"

ጀንበሬም፣ "ሐጂ፣ ከእንግዲህ እኔም ስከሰስ እርስዎን ነው የምጠራው" አለ።

ያን ጊዜ ሽበታሙ ጠበቃ መጥቶ የሐጂን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ሰውየው አልተሳለቀም፤ ከልቡ ነበር። "ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ። እንደ እርስዎ ያለ እውነተኛ ሰው በዚህ ቤት አይገኝም። ሥራዬን ጨረሱልኝ" ብሏቸው ሄደ።

ሐጂ እጃቸውን እንደተዘረጋ ተዉት።

"ይሄ የነሱ ጠበቃ አይደለም?"

ሂንድ ፋይሏን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ምን ጨረስኩለት? ዓብዱሰመድ፣ ምን አደረግኩለት?"

ነገራቸው። ሂንድ የነገረችውን በዚያው በሂንድ ቃል ነገራቸው፤ ሌላ ቃል አላገኘም። ሐጂ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነገሩ አልገባ ብሏቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። በሦስተኛው አቆሙት።

"ትናንት ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎት ይዋሹልኝ ነበር?"

ዓብዱሰመድ የጠየቀው ሊወቅሳቸው አልነበረም፤ ግን ከአፉ እንደ ወቀሳ ነው የወጣው። ሊያርመው ሲል፣ አጎቱ ተነሡና ኮታቸውን አስተካከሉ።

"እዚህ ቆዩኝ።"

"የት ነው ሐጂ?" አለ ጀንበሬ።

"ተመልሼ እገባለሁ። ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ።"

ዓብዱሰመድ እጅጌያቸውን መያዝ ነበረበት። ክንዱ ቅርብ ነው፤ ቢዘረጋው ይደርስባቸዋል። አልዘረጋውም። አንድ ነገር በውስጡ፣ በጣም ጸጥ ብሎ፣ "ይግቡ፤ ምናልባት" አለ። ያንን ድምፅ ሰማው፣ የማን እንደሆነም አወቀው።

ሐጂ በሩ ላይ ሲደርሱ ጸሐፊው ቁልፍ ይዞ እየወጣ ነበር። የጫቱ መኪና ከተማ ገብቷል፤ በዚህ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ሥራ የለም። ሐጂ በሱማሌኛ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ፣ "ዋሽቻለሁ። ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። ሰርዙልኝ" አሉ።

ጸሐፊው ቆሞ አያቸው። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ነጋዴዎችም ዞሩ፤ ሁለቱም ሐጂን ያውቋቸዋል።

"ምን አሉኝ?"

"ዋሽቻለሁ።"

ጸሐፊው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነላቸው። "አባቴ፣ ፈርመዋል እኮ። ደግሞ ምለው ከዋሹ ጋቦዴ ነው የሚያስገቡዎት፤ ወህኒ ቤት። በዚህ ዕድሜዎ! እኔ አልሰማሁም፣ እርስዎም አላሉም። ቤትዎ ይሂዱ።" በሩን ቆለፈ።

ሐጂ ተመልሰው ሲመጡ እርምጃቸው አጥሮ ነበር። ዓብዱሰመድ ፊት ቆሙ።

"አልተቀበሉኝም" አሉት፣ የተላኩበትን ሳያመጡ እንደተመለሱ ሰው።

"ይቅር፣ አጎቴ።"

"ብያቸው ነበር። ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ።"

ነጋዴዎቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

*

ውሳኔው የተሰማው የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ከሰዓት በፊት፣ በስልክ ነው። ዓብዱሰመድ ቢሮ ነበር፤ የአንድ ኮንቴይነር ወረቀት ወደ አዲስ አበባ እየላከ ነው፤ ደንበኞቹ ስላዘዙ በኩባንያው ፕሮግራም። ሂንድ ረጅም ነገር አልተናገረችም። ብሬቬው ተሽሯል፤ ዘዴው የማንም ነው፣ ማንም ይጠቀምበታል። ይግባኝ ስትል "አይ" አላት።

"ተረዳሁ" አለ። "አላህ ይስጥልኝ፣ ደክመሻል።"

ሐጂ ከማዶ ጠረጴዛ፣ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ቢላዋቸው ቆመ። ማን እንደደወለ አልጠየቁም። እሱም አልነገራቸውም። ስክሪኑ ላይ ወረቀቱ ደረሰ የሚል ምልክት በራ፤ ከዚያ ሌላው ተራውን ያዘ።

ጥቂት ቆይተው ሐጂ ብርቱካኑን ሳይበሉ አስቀመጡትና፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ወደ ጓሮ ወጡ። የሶላት ሰዓት ገና ነበር። ዓብዱሰመድ ውሃው ሲወርድ ሰማ፤ ዝም ሲል፣ እንደገና ሲወርድ፣ እንደገና።