ፊት የሌለው ድምፅ

ጊታር መማር የጀመርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከሳላክ ፍሬ ማሳችን ዝቅ ብሎ ባለው በጋሽ ትሪሞ ቤት። በወጣትነታቸው ሱራባያ ከተማ የሮክ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ቁጡ ስለሆኑ ከእኔ በቀር ተማሪ አልቀረላቸውም።

የድምፆች መሰላል በሆነው ስኬል ላይ ስደናቀፍ፣ "ኒንግሩም፣ ይሄ ጣት ነው ሙዝ?" ይሉኛል። ኖታውን ትቼ በግምት ከተጫወትኩ ደግሞ ይጮሃሉ፦ "ጆሮ ይዋሻል! አንብቢ!"

ያን ሰሞን ከመንደራችን በላይ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ጭሱን አቁሞ ዝም ብሏል። በስሙ አንጠራውም፤ "አባባ" ነው የምንለው። የጉድጓዳችን ውሃ ጎደለ። ዝንጀሮዎቹ ከጫካው ወርደው ማሳችን ውስጥ ማደር ጀመሩ፤ ብናባርራቸውም ወደ ጫካው አይመለሱም።

ሐሙስ ጠዋት ፓወር ኮርድ የሚባለውን የሮክ አመታት ጀመርን።

"ሁለት ድምፅ ብቻ ነው" አሉኝ። "ደስታና ኀዘንን የሚለየውን መሀለኛውን ትተሽዋል። ስለዚህ ፊት የለውም። ምቺ!"

መታሁ። የጊታሩ ድምፅ ማጉያ አጓራ። ክሮቹን በመዳፌ አፈንኳቸው፤ ጉርምርምታው ግን አልቆመም።

"እፈኛቸው እንጂ!"

"አፍኛለሁ ጋሼ፤ እጄን ይዩት።"

ማጉያውን ነቀሉት። አሁንም አልቆመም። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ትሪሞ ተንበርክከው ጆሯቸውን ወለሉ ላይ ለጠፉ። ሲነሱ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር።

"አባባ ወንድሜን የበላ ቀን እንዲህ ነበር። በየቤቱ አንኳኪ። በወንዙ በኩል እንዳትሄዱ፤ በአስፋልቱ ውረዱ።"

"እርስዎስ?"

"ላይኛው መንደር ስልክ አይሠራም።"

"በዚህ እግርዎ?"

"ያነከሰው እግሬ ነው፤ አፌ መች አነከሰ?" ብለው ሞተር ብስክሌታቸውን አስነሱ።

እናቴን ይዤ በር እየደበደብኩ ወረድኩ። አንዳንዱ ሰደበኝ፤ ቢሆንም ተከተለኝ። ቀትር ሳይሆን ቀኑ ጠቆረ፤ ትኩስ ዐመድ እንደ ዝናብ ወረደብን።

የተጠለልንበት ትምህርት ቤት አንድ የወተት መኪና ደረሰ። የላይኛው መንደር ሰዎች ናቸው፤ አርባ አንድ ነፍስ። ጋሽ ትሪሞን ፈለግኩ።

"አንዲት አሮጊት 'ላሜን ትቼ አልሄድም' አሉ" አለኝ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። "ጋሽ ትሪሞ 'እኔ አመጣቸዋለሁ፣ አንተ ንዳ' አሉኝ።"

በአራተኛው ቀን አስከሬናቸው ከዐመዱ ሥር ተገኘ። ከአሮጊቷ ጋር መንገዱን አጋምሰው ነበር፤ ላሚቱንም ይዘዋት።