የጢንዚዛዋ እግር

በ1958 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አምቦ ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል፣ ዓመት ያልሞላትን የልጅ ልጄን ፀዳለን አቅፌ ደጅ ወጣሁ። እናቷ እንጭኒ ገበያ ሄዳለች፤ አደራው የእኔ ነው። ጉንጯ ላይ ቀይና ጥቁር ጢንዚዛ ስትሄድ አየሁና በነጠላዬ ጫፍ ጨፈለቅኋት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

ትልቁ የልጅ ልጄ በድሉ በእርሻ ትምህርት ቤት ስለ ነፍሳት የሚማር ነው። በዚያው ሰሞን ከሁሉቃ ወንዝ ዳር የለቀማቸውን ሁለት ዓይነት ጢንዚዛዎች አሳይቶኝ ነበር። እህትማማች ይመስላሉ፤ ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ደረታቸው ቀይ፣ ክንፋቸው እንደ አጭር ኮት ከወገብ በላይ የቀረ። አንደኛዋ ምንም አታደርግም፤ የሌላይቱ ደም ግን ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ከገባም ክፉ ነው ብሎኛል። የትኛዋን እንደገደልኩ በምን ልወቅ?

ጎረቤቴ ቦጋለች ጩኸቴን ሰምታ ቅቤ ይዛ ደረሰች። የልጅ ፊት ሲነካ ቅቤ ነው፣ እኛም ያደግነው በዚሁ ነው ብላ ጣቷን ነከረች። እኔም ልጂቱን አቀረብኩላት። ይሄኔ በድሉ ከትምህርት ቤቱ የክረምት ልምምድ ገባ፤ ነጠላዬ ላይ የደቀቀችውን አሳየሁት።

«አኮ፣ እንዳትነኳት» አለ፤ እኔን አያቱን በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። ያቺ ክፉዋ ከሆነች ቅቤው መርዙን እስከ ዓይኗ ይዞት ይሄዳል አለን።

«አንተንም በቅቤ ነው ያሳደግንህ» አለች ቦጋለች። «ዛሬ ትል ቆጥረህ ልታስተምረን?»

በድሉ ነጠላዬን ወስዶ በማጉያ መነጽሩ አጎነበሰበት። የጢንዚዛዋ ጭንቅላት ደቅቋል፣ የክንፏም ቀለም አይለይም። የተረፈችው አንዲት እግር ናት። ፀዳለ ዓይኗን ልታሽ እጇን በሰደደች ቁጥር እይዛታለሁ፤ ታለቅሳለች።

«ከእግሯ ጫፍ ቀጥላ ያለችው አንጓ እንደ ፍየል ሰኮና ተሰንጥቃለች» አለ ቀስ ብሎ። «የዚያች ምንም የማታደርገዋ ድፍን ናት። ይቺ የምታቃጥለዋ ናት።»

 የፀዳለን ጉንጭ በሳሙናና በብዙ ውሃ ወደ ታች ወደ ታች አጠብን፤ ውሃውን ያፈሰሰችው ቦጋለች ራሷ ናት። ተገላገልን ስል፣ ቁስሉ የሚወጣው ነገ ነው አለኝ በድሉ።

በማግስቱ ቀይ ሰንበር ወጣ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ዓይኗ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። እናቷ ከገበያ አድራ መጥታ ስታየው ልጂቱን መልሳ እኔኑ አሳቀፈችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ሳምንቴ፣ የልጂቱን እጆች በጨርቅ ጠቅልዬ አቅፌያት እውላለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቴን ከፊቷ ፊት ለፊት አንቀሳቅሳለሁ፣ ዓይኗ ጣቴን ይከተላል። ነገም አያለሁ።