የሳህሌ ማሊያ

በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 1984 ላይ ነው። ሳህሌ የሚማርበት የሲያትል ኮሌጅ ትንሽ ስለነበር፣ የፉትቦል ቡድኑ ልጆች ማሊያቸውን የሚያሳጥቡት በየቤታቸው ነበር። ፉትቦሉ ያ አሜሪካኖቹ ኳሱን በእጅ ይዘው፣ እርስ በርስ እየተጣጣሉ የሚጫወቱት ነው። ሳህሌም ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ የጠጣ ማሊያ ይዞ ይመጣል። እናቱ ማንአልሞሽ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ ስታሸው፣ "ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ሌላ የሚጥሉት አጡ? ሁልጊዜ የኔን ልጅ?" ብላ ታጉረመርማለች። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ቢሸነፍም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሁሉ ስለዚያ ጭቃ ሳታወራ አትውልም።

ለመጨረሻው ጨዋታ ከሆቴል ጽዳት ሥራዋ ፈቃድ ጠየቀችና፣ ለልጇ ሳትነግር በአውቶቡስ ሄደች። ዝናቡ እንደ ልማዱ ያካፋል። ከተመልካቹ ኋላ ቆማ ብትፈልገው ብትፈልገው ሜዳው ውስጥ የለም። በመጨረሻ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ንጹሕ ማሊያ ለብሶ ተቀምጦ አየችው። አሠልጣኙ አንዴም ዞር ብሎ አላየውም። ጨዋታው አለቀ፤ ተሸነፉ።

ሰዉ ሲበተን ሳህሌ ቀረ፤ እናቱም ከአንድ ዛፍ ጀርባ ሆና ታየዋለች። ግራ ቀኙን ቃኘና ባዶው ሜዳ መሐል በደረቱ ተኛ። ተገላበጠ። ጭቃውን በእጁ እየዘገነ ትከሻውን ቀባ።

ማንአልሞሽ ቀድማው ቤት ገባች።

"እንዴት ነበር?" አለችው ሲመጣ።

"ኦኬ ነበር ማሚ። በጣም መቱኝ።"

ማሊያውን ተቀብላ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ በሩን ሳትዘጋ ተንበረከከች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ እሱ እንዲሰማት ከወትሮው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አጉረመረመች፤

"ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ሌላ የሚጥሉት አጡ? ሁልጊዜ የኔን ልጅ?"