ግድግዳውን የተጠጉ ጫጩቶች

ልብስ ሰፊዋን ባሏ «መጣሁ» እያለ ይጠራታል። ለቀልድ ያወጣላት ስም ነው። ማንም ሰው ሲጠራት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «መጣሁ!» ትልና የያዘችውን ካልጨረሰች ንቅንቅ አትልም። አባቷ አንደበታቸው ተይዞ አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ እንኳ፣ ከጎን ካለው ክፍል ሆነው በቀለበታቸው ግድግዳውን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲያደርጉ፣ የምትሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ዘግይታም ቢሆን ትሄዳለች። የመጨረሻው ቀን ግን የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ይዛ ነበር። «መጣሁ አባዬ» አለች፣ እጅጌውን ጨረሰች፤ ስትገባ እጃቸው ግድግዳው ላይ እንዳረፈ ቀርቷል።

ከቀብር በኋላ ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ክር ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ስለዚያች እጅጌ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ ከረመች።

ጫጩቶቹን ያመጣው ባሏ ነው። ሾፌር ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ሲውል እሷ ብቻዋን መዋሏ አሳስቦት አንድ ካርቶን ሙሉ ጩኸት ይዞ ከተፍ አለ። መቼም እሱ ስጦታ ሲያመጣ ሥራው ለሌላ ሰው ነው። እሷ ግን አልተቀየመችውም። የስፌት ክፍሏን ጥግ፣ ያንኑ ግድግዳ አንድ ወገን አድርጋ፣ በጣውላ አጠረችላቸው። ሰጋቱራ ነሰነሰች፤ የሚያሞቃቸውን አምፖል ዝቅ አድርጋ ሰቀለች። እያንዳንዷን ይዛ አፏን ውሃ አስነካቻት። እናት ዶሮ በአፏ መሬት እየነካች እንደምታሳይ፣ እሷም በጥፍሯ የመኖውን ሳህን እየቆረቆረች መብላት አስለመደቻቸው። ድምፁን በሰሙ ቁጥር እየተንደረደሩ ይመጣሉ።

ጫጩት ሲበርደው አምፖል ሥር ይከማቻል፣ ሲሞቀው ይሸሻል፣ ሲስማማው ተበታትኖ ይተኛል። የእሷዎቹ ከሦስቱም አልሆኑም። አምፖሉን ትተው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። ብታስጠጋው፣ ብታርቀው ያው ናቸው። ደግሞ አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ ጫጫታው ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይላል። አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ከዚያ ለመኖ የተጠሩ ይመስል ወደ ግድግዳው ይሮጣሉ።

አንድ ቀን መኪናዋን አቁማ ጆሮዋን ሰጠች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ክው ብላ ቀረች። ተንበርክካ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። የሰው እጅ ያህል ይሞቃል፤ ያውም ልክ በወዲያኛው በኩል የአባቷ እጅ ያርፍበት በነበረው ቦታ።

መፍራት ነበረባት፤ እሷ ግን ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ባሏ እስኪወጣ ትጠብቅና ጉንጯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ለአባቷ ስለ እጅጌው ትነግራቸዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቅር እንዳሏት ማወቅ። መልስ ግን የለም፤ ሙቀቱ ብቻ ከቀን ቀን ይጨምራል።

ባሏ አንድ ቀን ሳይታሰብ ተመልሶ እንዲያ ሆና አገኛት። እሱም ግድግዳውን ነካ፤ ነካና ሮጦ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ። የተጠራው የመብራት ሠራተኛ ልስኑን በመዶሻ ሲያፈርሰው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የሽቦው ልባስ ቀልጧል፤ ውስጥ ያለው እንጨት ከስሏል። ቀን ከሌት የሚበራውን አምፖል አሮጌው መስመር አልቻለውም፤ ቋ ቋ የሚለውም የላላው መጋጠሚያ ነው ብሎ አስረዳ።

«እህቴ፣ ትንሽ ቢቆይ ከነዶሮዎችሽ ነበር የምትጠበሺው» አላት።

ባሏ ከድንጋጤው ሲወጣ ሳቀ። እሷ አለቀሰች፤ አባቷን ዳግመኛ የቀበረች ያህል ተሰማት።

ሽቦው ከነጭራሹ ተነቅሎ ወጣ። ግድግዳው ተለሰነ፣ ቀዘቀዘ። ጫጩቶቹም ላባቸው ሞልቶ ስለነበር አምፖል አላሻቸውም። ቀን ቀን ፀሐይና አፈር እያስለመደቻቸው ቆየችና፣ ቄብ ሲሆኑ ባሏ ጓሮ ውስጥ ከአሮጌ በር ወደሠራላቸው ቤት አዛወረቻቸው።

ዶሮ ሲመሽ ማንም ሳይነግረው ቆጡ ላይ ይወጣል። እነዚህ አልወጡም። ብርሃኑ መደብዘዝ ሲጀምር ተከታትለው ወደ ተቆለፈው ክፍል ሄዱና ከውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። ሳህኑን በጥፍሯ ቆረቆረች። አንዷም ዞራ አላየቻትም። ባሏ እየተነጫነጨ እየተሸከመ አስገባቸው። በማግሥቱም እንደዚሁ ሆነ፤ በማግሥቱም።

ከዚያ በአንዱ ምሽት እሷ የሱሪ ዚፕ እየሰፋች፣ ባሏ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበ ነበር።

«አንቺ፣ አባባ እየጠሩሽ ነው» አላት፣ ድሮ ግድግዳው ሲንኳኳ እንደሚላት፣ ሳያስበው።

ወዲያው የያዘው ድስት ከእጁ አምልጦ ሲወድቅ ሰማች።

«መጣሁ» አለች። አፏ ነው ያለው፤ እግሯ ገና የመኪናው ፔዳል ላይ ነበር። ከዚፑ የቀረው ስንዝር አይሞላም። ተወችው። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ተነሳች፣ ቁልፉን ከክር ሣጥኑ አወጣች፣ የአባቷን ክፍል ከፈተች።

ማንም አልነበረም፤ አቧራ የለበሰ አልጋ ብቻ። ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። እንደ ማንኛውም ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው።

«አባዬ፣ ይኸው መጣሁ» አለች። እስኪጨልም ድረስ ሳትቸኩል አብራቸው ተቀመጠች።

ስትወጣ ባሏ የጓሮው በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በእጁ ወደ ዶሮዎቹ ቤት አመለከታት። ሁሉም በራሳቸው ገብተው፣ ቆጡ ላይ ተደርድረው፣ አንገታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረው ተኝተዋል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ግድግዳው ተንኳኩቶ አያውቅም። ባሏም «መጣሁ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም።