ከመሰላ የወረደ መዝሙር

«የመዝሙሩ ሸክም ኃጢአት ነው» ሲል ሰባኪው ታምራት ከሐዘኑ ድንኳን መሐል፣ አይናዲስ ከአግዳሚው ብድግ አለች።

ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ጭሮ ውስጥ ያንን መዝሙር የማያውቅ የለም፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ያፏጨዋል። ሁሉም «የህሩይ መዝሙር» ይለዋል። ህሩይ ወንድሟ ነው፤ ትናንት ቀበሩት።

«ጋሽ ህሩይ ሱባኤ ገብተው ሳለ የተገለጠላቸው ነው» ቀጠለ ታምራት።

«ሱባኤ! መቼ ገብቶ ያውቃል?» አለች፤ ለራሷ ነው፣ ግን ጮክ ብላ።

«ታኢ ያ አይናዲስ!» ጎረቤቷ ዑሙልኸይር ቀሚሷን ጎተተችው። «ተቀመጪ በአላህ። ሰው ያየናል።»

«ይየን!»

ተቀመጠች። ተነሳች። ማንም ያልጠየቃትን ውሃ አደለች። እንደገና ተቀመጠች።

መዝሙሩ የወጣው ከእሷ አፍ ነው፤ ልጇን ገሊላን ትኩሳት የያዛት ጊዜ። ከመሰላ ሲመጡ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ። አይናዲስ ልጅቷን አዝላ በእግሯ ወደ ጭሮ ወረደች፤ ዑሙልኸይር ዕቃዋን ተሸክማ ከኋላ ከኋላ። እንዳትወድቅ ብላ እያንጎራጎረች ሄደች፦

መንገዱን አሳጥረው፣ ደክሞኛል ጌታዬ፤
አንተ ካልያዝክልኝ፣ ከበደኝ ጀርባዬ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዑሙልኸይር አንቀልባውን ስትፈታው ልጅቷ ቀዝቅዛ ነበር።

በሐዘኑ ሰሞን መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ጨምራ ይህንኑ ስታንጎራጉር ህሩይ ሰማት። የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዘምራን የሚመራ እሱ ነበር። ወሰደና አስተማረው፤ የመጨረሻውን ቤት ግን ቆረጠው።

«እግዚአብሔርን እንዲህ ብሎ መሞገት በቤቱ አይሆንም፣ እህቴ።»

«የጠየቅሁት እኔ! አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

ከዚያ ወዲያ እሱ የሚያገለግልበትን ደብር አልረገጠችም። ሰርግም ይሁን ንግሥ፣ መዝሙሩ ሲጀመር ጥላ ትወጣለች። ህሩይ በዓል በመጣ ቁጥር ደጇ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ከበር ላይ ሰላም ብላ ትመልሰዋለች። አሁን የምትጣላው ሰው ሞተባት።

መዘምራኑ ጀመሩ። ልትወጣ ስትል ዑሙልኸይር ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ዛሬስ አትወጪም። ወንድምሽ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አለቀ ስትል፣ ድምፃቸው ቆሞ የከበሮ መቺው የሳሚ ምት ብቻውን ቀጠለ። ቀስ እያለ፣ የአንድ ቤት ያህል።

«ምን ረስተው ነው?» አለች።

ከፊቷ የቆመችው ዘማሪ ሮዳስ ዞር አለች። «አልረሳንም እትዬ። ጋሽ ህሩይ ናቸው እንዲህ ያስተማሩን። ‹እዚህ ላይ አፋችሁን አታስገቡ፣ ባለቤት አለው› ይሉን ነበር። ማን እንደሆነ ግን አይነግሩንም ነበር።»

አይናዲስ ወደ ዑሙልኸይር ዞረች። «ምን ዓይነቱ ነው! ለእኔ አይነግረኝም ነበር?»

«መቼ አስገባሽው?»

ተነሳች፤ አሁን ማንም ቀሚሷን አልጎተተም። ታምራት ሊናገር ነበር፣ ስታየው ግን ተወው።

«ድገመው አንተ» አለችው ሳሚን።

ከበሮው ብቻውን ተመታ። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተሰነጠቀባት፤ ግን አላቆመችም፦

መንገዱስ አጠረ፣ ጀርባዬ ቀለለ፤
ልጄን የት አረግካት፣ አንቀልባው እያለ?

እጆቿ ሳታውቀው ወደ ኋላ ዞረው ተቆላለፉ፤ የተንሸራተተ ልጅ እንደሚያስተካክል ሰው ባዶ ጀርባዋን ከፍ አደረጉት።